ከሦስት ቀጥሎ ሃያ

እቀናለሁ። ምን ይደረግ እንግዲህ፣ እቀናለሁ! ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብና ሳጥፍ አድሬ፣ መጋረጃውን ግጥም አድርጌ ዘግቼ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወትፌ፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ እለምናለሁ፤ እንቅልፍ ግን ከወንድሜ ሚስት ጋር የመከረብኝ ይመስል ዝር አይልም። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ የሰንጠረዥ ረድፍ ነው። ረድፍ አሥራ አራት። «ዛሬ ማንን ጠራች?» ይላል፤ ጥያቄውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ እጄን በቆረጠው! ከጥያቄው ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሳጥን፣ በየሳጥኑ አንድ መልስ፤ ምራታቸውን፣ ምራታቸውን፣ ምራታቸውን፣ እስከ ቀኝ ጥግ ድረስ ምራታቸውን። አንቱታዋ ደግሞ ይብሳል፣ ጨዋ ነኝ ለማለት። አንድ ቀን እንኳ ልጃቸውን አይልም። እናቴ እኮ ናት። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እናቴ፣ ከአምስት ዓመት በፊት አንዲት ሻንጣ አንጠልጥላ ቤታችን የገባችውን ሴት ጠዋት ማታ ስትጠራ ትውላለች፤ እኔ ግን በስህተት እንኳ ትዝ አልላትም። ተነሳሁና ላፕቶፑን እንደገና ከፈትኩት።

ሰንጠረዡ የእኔ ሥራ ነው። እዚህ በሰው አገር በምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ውስጥ በየትኛው ቀን የትኛው ማሽን ላይ ማን እንደሚቆም የሚነግረን እንዲህ ያለ የኢንተርኔት ሰንጠረዥ ነው፤ ስሞቹ በግራ፣ ቀኖቹ ወደ ቀኝ። በገባሁ ሰሞን ከስሜ ተነስቼ ወደ ቀኝ ስገፋ ስሜ ከስክሪኑ ወጥቶ ይጠፋል፣ እኔም ሳላውቅ የሌላ ሰው ረድፍ ይዤ እነጉዳለሁ፤ አንድ ጊዜ በእረፍት ቀኔ ሥራ ገብቼ ተሳቀብኝ፣ በሥራ ቀኔ ደግሞ ለጥ ብዬ ተኝቼ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። አለቃዬ፣ ያ ቁመተ ረጅም ትዕግሥተኛ ሰውዬ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የመጀመሪያው ዓምድ እንዴት ባለበት እንደሚቆም አሳየኝ፤ ፍሪዝ አድርጊው፣ የፈለግሽው ድረስ ብትሄጂ ስምሽ ከዓይንሽ አይጠፋም አለኝ። ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ይዞ የቀኝ ቀስቱን መጫን እስከ መጨረሻው ቀን እንደሚያስፈነጥርም ያሳየኝ እሱ ነው። እማዬን ግራ ጎኗን የያዛት ጊዜ፣ ወንድሜ በስልክ «አይዞሽ፣ ተርፋለች፤ አፏ ብቻ ትንሽ ጣመም ብሏል» ሲለኝ፣ ከዚህ ሆኜ ማድረግ የቻልኩት ነገር ቢኖር ያንን የፋብሪካ ሰንጠረዥ ገልብጬ በሠራተኞቹ ስም ፋንታ ጥያቄ መጻፍ ነበር። ግፊቷ ስንት ነው፣ የጠዋት መድኃኒት፣ የማታ መድኃኒት፣ ምን በላች፣ ገላዋን ታጠበች ወይ፣ ስንት እርምጃ ሄደች፣ እንዴት አደረች፣ ሌላም ሌላም፣ በመጨረሻ ማንን ጠራች፣ ምን አለች። ሊንኩን ለወንድሜ ላክሁ፣ ወንድሜ ለሚስቱ ሰጣት፣ ሚስቱ ትሞላለች። ወንድሜ እንደሆነ ስልክ የሚያውቀው ለኳስ ብቻ ነው።

ወር ሲሞላ እንደ ፋብሪካው አዲስ ገጽ ልክፈት አልኩ። ወንድሜ በስልክ «የእማዬን ገጽ ልዝጋው ነው የምትይው?» አለኝ። «ወረቀቱን ነው እንጂ እሷን መቼ ወጣኝ!» ስለው «ተይ ተይ፣ ደስ አይልም፣ ዝም ብሎ ይቀጥል» አለ፤ ለካ እኔንም ደስ አላለኝም፣ ተውኩት። ይኸው አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነው፣ የሚዘጋው ሰው ጠፋ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቁመት አጥቶ ጎን ብቻ የሆነ ሰንጠረዥ ያለ አይመስለኝም፤ አሥራ አምስት ረድፍ፣ ከስድስት መቶ በላይ ዓምድ። በየዓምዱ አናት ላይ ያሉት ፊደሎች ከኤ ተነስተው ዜድ ላይ አለቁ ሲባል ኤኤ ብለው እንደገና ይነሳሉ፣ ቢኤ ይላሉ፣ ሲኤ ይላሉ፣ ማለቂያም የላቸው። በስልክ በጣት ሲገፉት ያሟልጫል፤ ያለፈውን ሳምንት ልይ ብዬ ስነካው አራት ወር ያሻግረኝና የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ የማየው ጥጉን ብቻ ነው፤ እፈናጠርና ትናንትን አያለሁ፣ ምራታቸውን የሚለውን አነባለሁ፣ ደሜ ይፈላል፣ እዘጋዋለሁ።

ዛሬ ግን ጥጉ አይበቃኝም። ሦስት ወር ሙሉ እማዬ ወደ አክስቴ ቤት ትሂድ እያልኩ ስጨቀጭቅ ነበር፤ አክስቴ ሌላ ከተማ ነው ያለችው፣ ግን ቢያንስ ሥጋዋ ናት፣ የእናቴ እህት ናት፣ እሷ ብትጠራ አልቀናም፣ ቢያንስ እንዲህ አልቀናም። ወንድሜ እኔንም ሚስቱንም ፈርቶ ነገሩን አጎታችን ላይ ጣለው። አጎታችን ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስወጣ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሜ፣ ደወሉልኝ። «ስሚ ልጄ፣ መኪና ይዣለሁ፤ ስምንት ሰዓት ላይ እናትሽ ደጅ እቆማለሁ» አሉ። «ግን የታመመ ሰው ከለመደው አልጋ በከንቱ አይነሳም። ያቺ ልጅ ያጎደለችው ነገር ካለ አሳዪኝ። አንድ መድኃኒት የተረሳበት፣ አንድ ቀን ገላዋን ሳትታጠብ ያደረችበት። ያን ካሳየሽኝ አንድ ቃል አልጨምርም፣ እወስዳታለሁ። ካጣሽ ግን ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታነሺብኝ።» «አሳይዎታለሁ» አልኳቸው፤ አፌ መች ይዘገያል። ያኔ ልቤ ሙሉ ነበር። አሁን እዚያ ሰዓቱ ሰባት ሊል ነው።

ኮንትሮልና ቀስቱ ባዶ ሳጥን ካጋጠማቸው እዚያው ቀጥ ይላሉ። የተማመንኩት ይህን ነው፤ የረሳችበት ቀን ካለ ቀስቱ ራሱ ይይዝልኛል። የጠዋት መድኃኒት ረድፍ ላይ ቆሜ ተጫንኩ፤ እልም ብሎ ዛሬ ላይ ደረሰ። አልቆመም። የማታ መድኃኒት፤ እልም። ገላዋ፤ እልም። ግፊቷ፤ እልም። ኧረ ይች ሴትዮ ሰው አይደለችም እንዴ! አንድ ቀን አያማትም? አንድ ቀን አይሰለቻትም? አንድ ቀን እንግዳ አይመጣባትም? እናቴ መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታጓድል ዋጠች ብዬ ጥርሴን የማፋጭ እኔስ ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ደስ ሊለኝ ነበር የሚገባው። ግን እሺ ደስ ይበለኝ ብዬ ስሞክር የዚያ የእሁዱ የቪዲዮ ጥሪ ይመጣብኛል፤ እማዬን እንዴት ነሽ እላታለሁ፣ እማዬ የእኔን ፊት ትታ ዞር ብላ ያቺን ታያለች፣ ያቺ በመሐረብ አፏን ትጠርግላታለች፣ ፀጉሯን ልክ እኔ በማደርገው በጎን ከፍላ አበጥራታለች፣ ማን አስተማራት? እማዬ የሆነ ነገር በጆሮዋ ትነግራታለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ያቺ ስትስቅ ደግሞ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ የባላባት ልጅ ይመስል። ምን አለችሽ ስላት «ዝም ብላ ነው፣ ጨዋታ ነው» ትለኛለች፤ እናቴ ከእሷ ጋር ጨዋታ አላት፣ ከእኔ ጋር ግን ሰላምታ እንኳ ከሁለት ቃል አያልፍም። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ ዳቦ በሻይ በላሁ፣ ያለቀስኩ አይመስለኝም፣ እንጃ።

ቀስቱ እምቢ ሲለኝ በእግሬ ልሂድ አልኩ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ቀን በቀን፣ ሳጥን በሳጥን። ጥያቄዎቹ በግራ ቆመዋል፣ ቀኖቹ በፊቴ ያልፋሉ። እዚህ ሾርባ ጠጥታለች። እዚህ አሥራ ሁለት እርምጃ ሄዳለች። እዚህ እንዴት አደረች ለሚለው «ጣሪያው ላይ ዝናብ ሲወርድ እየሰማን አደርን» ብላ ጽፋለች፤ አደረች ተብላ ብትጠየቅ አደርን ትላለች፣ እያት እንግዲህ! ሁለት መቶ ቀን አለፍኩ፣ ሦስት መቶ አለፍኩ፣ ዓይኔ ፈዞ ደርቋል፣ ራሴን ወጥሮኛል፤ ከላይ የቀኑ ቁጥር ሁለት ይላል፣ ሦስት ይላል፣ ሃያ ይላል። አለፍኩት። ተመለስኩ። ሦስት፣ ከዚያ ሃያ። ፊደሎቹን ቀና ብዬ አየሁ፤ ኤንኬ ካለ በኋላ ቀጥታ ኦቢ ይላል፣ በመካከላቸው ያለችው መስመር ከሌሎቹ ወፈር ብላ ትታያለች። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አሥራ ስድስት ቀን የለም። ስምንት ወር ሊሆነው ነው።

ያዝኩሽ! አልኩ ጮክ ብዬ። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን እጄን አጨበጨብኩ፣ ጥጡ ከጆሮዬ ወደቀ። አውቄዋለሁ እኮ፣ ልቤ ነግሮኝ ነበር! ቀስቱ ያልቆመው ሳጥኖቹ ተደብቀው ስለሆነ ነው፤ የተደበቀ ነገር አይጠፋም፣ ፋብሪካው ውስጥ አለቃዬም የቀሩትን ሰዎች ዓምድ እንዲህ ሰብሰብ አድርጎ ሲያስቀምጥ አይቻለሁ። የእነዚያ ሰሞን ነገር ደግሞ ወዲያው ትዝ አለኝ፤ ስደውል ወንድሜ «ኔትወርክ ተበላሽቷል» ይለኝ ነበር፣ ቪዲዮ አይሆንም፣ ድምፅ ብቻ፣ እማዬ ተኝታለች፣ እማዬ ትንሽ ጉንፋን ነክቷታል። እኔ ያኔ በየሳምንቱ የመኖሪያ ወረቀት ቢሮ ቁጥር ይዤ ተቀምጬ እውላለሁ፣ ሰንጠረዡን የምከፍትበት ጊዜ እንኳ አልነበረኝም፤ ወረቀቱ ሳያልቅ ከአገር ከወጡ መመለስ የለም ተብያለሁ፤ እኔ ደግሞ እማዬ አንድ ቀን ስሜን ከጠራች ወረቀቱ ገደል ይግባ፣ በነጋታው አውሮፕላን ላይ ነኝ እያልኩ ለሁሉም ስናገር ነበር። እና በእነዚያ አሥራ ስድስት ቀኖች እናቴን ምን አደረገቻት? በወፍራሟ መስመር ላይ ተጫንኩ። ዓምዶቹ ተዘረጉ።

ባዶ አልነበሩም። ሙሉ ናቸው። መድኃኒቱ ሙሉ ነው፣ እንዲያውም በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ ሌላ ተጨምሮበታል። ትኩሳት ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አምስት። ትኩሳት አርባ። ሆስፒታል ገባን። ኦክስጅን። ምን በላች፤ ምንም። ምን በላች፤ ምንም። ረድፍ አሥራ አራት ላይ ዓይኔ ወረደ፤ ማንን ጠራች፤ ፍንጭቴን። በማግስቱ፤ ፍንጭቴን። ፍንጭቴን፣ ፍንጭቴን፣ ፍንጭቴን። ፍንጭቴ እኔ ነኝ። የፊት ጥርሴ ፍንጭት ስለሆነ እማዬ ከልጅነቴ ጀምራ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው፣ ከእሷ በስተቀር የሚጠራኝ የለም። ከሥሩ፣ ምን አለች በሚለው ረድፍ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ፦ «ፍንጭቴ መጣሽ? አሉኝ። እኔ አይደለሁም እማማ፣ ምራትዎ ነኝ አልኳቸው። አለቀሱ። አልበሉም።» አራተኛው ቀን፦ «ፍንጭቴ መጣሽ? አሉኝ። አይደለሁም አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አልበሉም።» አምስተኛው ቀን፦ «ፍንጭቴ መጣሽ? አሉኝ። መጣሁ አልኳቸው። ግማሽ ብርጭቆ ወተት ጠጡ።»

ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ጠርታኛለች፤ ከትኩሳቱ ውስጥ ሆና አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ጠርታኛለች፣ እኔ ያን ሰሞን የተሳሳተ ቦታ በተቀመጠ የአንሶላ ክምር ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ግን ልዋሽ አልችልም፣ ከእንባው እኩል የመጣው ሌላ ነው፣ ያው የማውቀው፣ የሚያቃጥለው። ስሜንም ወሰደችው! ፀጉሯን አበጠረች፣ አፏን ጠረገች፣ አብራት አደረች፣ ይህ አልበቃ ብሏት ስሜን ለብሳ ገባች። ስልኬን አንስቼ ደወልኩ።

«እታለም፣ ገና አልተኛሽም?» አለች፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትለኝ። «አሥራ ስድስቱን ቀን አየሁት» አልኳት። የሆነ ድስት ከምድጃ ስታወርድ ይሰማኛል። «እንዴት ከፈትሽው?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ እንጂ ለምን ደበቅሽው ብዬ የምጠይቅ!» አልኳት። «ላጠፋው ነበር፣ ሐኪሙ ቢጠይቀኝስ ብዬ ነው የደበቅሁት። መደበቄን ወንድምሽም አያውቅም።» «ከዚያ ወዲህስ? ስምንት ወር ሙሉ ምራታቸውን ምራታቸውን እያልሽ የሞላሽውስ?» «እና ምን ብዬ ልጻፍ እታለም?» አለች። «አንቺን ይጠራሉ ብዬ ብጽፍ በነጋታው ትመጫለሽ። አውቅሻለሁ እኮ። ከመጣሽ ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት የለፋሽበት ገደል ገባ። ከዚያ ይልቅ ብትጠዪኝ ይሻላል አልኩ። ጠልተሽኝ እዚያው ትቆያለሽ።» ድስቱን መልሳ ስትጥደው ሰማሁ። «አሁንም ፍንጭቴ ነው የሚሉኝ» አለች። «በሽታው ሲለቃቸው ይህ አልለቀቃቸውም። ስስቅ ፍንጭት የሌለውን ጥርሴን አይተው እንዳይደናገጡ አፌን እሸፍናለሁ። ሳቅ እንኳ ረሳሁ።» ማመስገን ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «በስሜ ግቢ ያለሽ ማን ነው?» የሚል ሆነ። «ማንም» አለች። «እውነቱን ልንገራቸው ካልሽ አሁን እነግራቸዋለሁ። ባለፈው ስነግራቸው ሁለት ቀን እንዳልበሉ ግን አንብበሻል።»

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አጎታችን መጡ፤ ሰዓት ማክበር ሲወዱ። በሩ ሲከፈት፣ ወንበር ሲጎተት፣ ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እሰማለሁ። «እህስ ልጄ» አሉ፣ «ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ያጎደለችው ነገር ተገኘ?» ተገኝቷል። ደብቃለች፣ ዋሽታለች፣ ስምንት ወር ሙሉ የሐሰት መልስ ሞልታለች፤ አንዷን ቃል ብናገር ሻንጣው መኪና ላይ ነው፣ አክስቴ ቤት ደግሞ ፍንጭቴ የሚባል ሰው የለም፣ እዚያ ማንም ስሜን አይለብስም። ወይኔ ልበል? ደስ ይበለኝ? «እማዬን ላናግራት» አልኩ።

«እማዬ፣ ሰው ሊያናግርሽ ይፈልጋል» ስትል የወንድሜን ሚስት ሰማኋት፤ እማዬ አለቻት፣ አንቺ አለቻት፣ ልክ እንደ እኔ። ልቤ እንዴት እንደተቃጠለ እኔ ነኝ የማውቀው። «ማናት ፍንጭቴ?» አለች እናቴ፤ ድምጿ ከምጠብቀው በላይ ደህና ነው፣ ደስ ያላት ሰው ድምፅ ነው፤ እኔን አይደለም የጠየቀችው። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ጥርሴ ጋ ደረሰ። ፍንጭቴ እኔ ነኝ፣ እማዬ፣ ያቺ እኮ ባዕድ ናት፣ ጥርሷን ግለጪና እይ፣ ማለት እችል ነበር። ያ የወተት ግማሽ ብርጭቆ ከፊቴ አልሄድ አለ። «ጤና ይስጥልኝ እማማ» አልኳት። እናቴን አንቱ አልኩ። «እንዴት ነዎት? ከሩቅ ነው የምደውለው።»

«ከሩቅ?» አለች። «ውይ የኔ ልጅ፣ ብቻሽን ነሽ?» አዎ አልኳት። «እናት አለችሽ?»

«አሉኝ።»

«ማን ይጦራቸዋል ታዲያ፣ አንቺ ሩቅ ሆነሽ?»

አጎቴም የወንድሜ ሚስትም እየሰሙ ነው። «ደህና ናቸው» አልኩ። «ልጃቸው ጋ ናቸው።»

አጎቴ ተነሱ፤ ወንበሩ ጮኸ፣ በሩ ላይ ሆነው ሹፌሩን «ሂድ በቃ ወንድሜ፣ የሚሄድ ሰው የለም» ሲሉት ሰማሁ።

«እንግዲያው» አለች እማዬ፣ «ምን ጎደላቸው።»